ነርስነት ለሴት ዕጣ፣ ለወንድም ነውር አይደለም

በአዲስ አበባ አራዳ፣ ከፒያሳ ቁልቁል ሲወርዱ የሚገኘው ነባር ሰፈር እሪ በከንቱ ይባላል። ስሙ የወጣለት በዚያ ገደላማ ሥፍራ በጨለማ የተደበደበ ወይም የተዘረፈ ሰው እሪ ቢል ደራሽ ስላልነበረው ነው እየተባለ ይነገራል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው በተካሄደው የመልሶ ማልማት ሥራ ብዙ ነባር ቤቶች ፈርሰው የአካባቢው መልክ ቢለወጥም፣ ስሙ ከሰው አፍ አልጠፋም። ይህን የከተማ ሰፈር ስም በገጠር ልማት ዓምድ ላይ ማንሣት ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬም በየገጠሩ በሽተኛ እሪ ብሎ ደራሽ የሚያጣበት ጊዜ አለ። ደራሽ የሚታጣው ጤና ጣቢያው ሩቅ በመሆኑ ወይም መድኃኒት በማለቁ ምክንያት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በመንግሥት በጀት ብቻ በተፈታ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ግን የሠለጠነው ሰው በቦታው ተገኝቶ ሳለ «ይህ የሴት ሥራ ነው» ወይም «ወንድ አያያትም» በሚል ንግግር እርዳታው ሳይደርስ ይቀራል። ይህን ችግር ለመፍታት ከማንም በላይ የሚችሉት የገበሬ ማኅበራትና የቀበሌ መሪዎች ናቸው።

እንደሚታወቀው ከየገጠሩ ወደ ዩኒቨርሲቲና ወደ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ከሚገቡት ወጣቶች መካከል በነርስነት የሚሠለጥኑ ወንዶች ጥቂቶች አይደሉም። ይሁን እንጂ የገበሬው ልጅ የተመደበበትን ትምህርት ለቤተሰቡ ሲያስታውቅ የሚሰማው ቃል አንዳንድ ጊዜ ከደስታ ይልቅ ለኀዘን ይቀርባል። «አልጋ አንጣፊ ልትሆን ነው እንዴ ያስተማርንህ?» የሚል አባት፣ ልጁ ገና ሙያውን ሳይጀምር እንዲያፍርበት ያደርገዋል። ይኸው ወጣት ተመርቆ ነጭ ጋዋን ለብሶ ሲመለስ ደግሞ ያው የሰፈሩ ሰው «ዶክተር» እያለ ይጠራዋል። አጠገቡ ቆማ የምትሠራው፣ ትምህርቷም ሆነ ደመወዟ ከእሱ ጋር እኩል የሆነው ባልደረባው ግን «ሲስተር» ናት። ትናንት ነውር የነበረው ዛሬ ሹመት ሆነ ማለት ነው። ሁለቱም አስተሳሰቦች የተሳሳቱ ናቸው፤ ሁለቱም በመጨረሻ የሚጎዱት በሽተኛውን ነው።

በከተማ ሴት፣ በገጠር ወንድ

ነርስነት ከጥንት ጀምሮ የሴት ሥራ ነበር የሚለው አባባል በታሪክ ሲመረመር አይጸናም።

ከእሪ በከንቱ ብዙም ሳይርቅ ስድስት ኪሎ አጠገብ የሚገኘው የካቲት 12 ሆስፒታል መጀመሪያ ቤተ ሳይዳ፣ በኋላም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆስፒታል ይባል ነበር። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር፣ በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የነርሶች ትምህርት ቤቱን የከፈተው በዚሁ ሆስፒታል ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን ከተማ በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል በነርስነት ሠልጥነው ነበር። ልዕልቲቱ ወደ ሀገራቸው ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ በ1934 ዓ.ም. ለቀምት ላይ ዐረፉ፤ በስማቸው የተሠራው ሆስፒታልም ነርሶችን ሲያሠለጥን ቆይቷል። በዚህ ሁኔታ በከተማው ሰው ዓይን ነርስ ማለት ነጭ ቆብ የደፋች ወጣት ሴት ሆነች። «ሲስተር» የሚለውም መጠሪያ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የአንድ ክፍል ኃላፊ የሆነች ነርስ የምትጠራበት ማዕረግ ሲሆን፣ ትርጉሙ እኅት ማለት ነው። መጠሪያው ከሙያው ጋር አብሮ ስለገባ፣ ሙያው ራሱ የእኅት እንጂ የወንድም አይደለም የሚል ስሜት አሳድሯል።

በገጠሩ ግን ነገሩ የተለየ ነበር። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ሀገሪቱን ሲወር በየግንባሩ ከተሠማሩት የቀይ መስቀል ቡድኖች ጋር ቁስል የሚያጥቡና በሽተኛ የሚያነሡ ኢትዮጵያውያን ወንዶች ነበሩ። በዚያ ዓመት በታኅሣሥ ወር መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ሠፈር በአውሮፕላን ሲደበደብ ካለቁት መካከል አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን በሽተኞችና ረዳቶች ነበሩ። ከነፃነት በኋላም በየወረዳው ክሊኒክ ተቀምጦ ቁስል የሚያክመው፣ መርፌ የሚወጋው፣ ለወባ ክኒን የሚያድለው ድሬሰር በአብዛኛው ወንድ ነበር። ድሬሰሩ የሚሠራውን ሥራ በከተማ ሆስፒታል የምትሠራው ሴት «ነርስ» ስትባል፣ እሱ ግን በገበሬው ዘንድ «ሐኪም» ይባል ነበር። ሥራው ተቀራራቢ፣ ክብሩ ግን የተራራቀ ነበር።

በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ለገጠሩ ሕዝብ በቡድን የሚሠሩ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። ቡድኑ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ የነበሩበት ሲሆን፣ መኮንኖቹና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎቹ በአብዛኛው ወንዶች፣ ነርሶቹ ደግሞ ሴቶች ነበሩ። የሥራ ክፍፍሉ ለጊዜው የጠቀመ ቢሆንም፣ ወንዱ አዛዥ፣ ሴቷ ታዛዥ ናት የሚለውን ልማድ ወደ ጤና ሥራም ይዞ ገብቷል።

ለገበሬ ማኅበራት መሪዎች ከሁሉም የሚቀርባቸው ምሳሌ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሠረት የገበሬ ማኅበራት ከተቋቋሙ በኋላ፣ እነዚሁ ማኅበራት ከአባሎቻቸው መካከል የጤና ወኪሎችን እየመረጡ ለአጭር ጊዜ ሥልጠና ይልኩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 አልማ አታ ላይ የተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አጠባበቅን ካወጀ ወዲህ አሠራሩ ይበልጥ ተጠናከረ። ከተመረጡት ወኪሎች ውስጥ አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ፤ ወንድ ናቸውና በሽተኛ ሊረዱ አይችሉም ያለ አልነበረም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ደግሞ በየቀበሌው 2 ሴት ሠራተኞች እንዲመደቡ ተደረገ። ምክንያቱም ሥራው ከእናቶችና ከሕፃናት ጋር በእጅጉ የተያያዘ፣ ከቤት ወደ ቤት መዘዋወርንም የሚጠይቅ በመሆኑ ነው። በአርብቶ አደሩ አካባቢ ግን እንደ ሁኔታው ወንዶችም ተመልምለዋል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ። በከተማ ሴት፣ በክሊኒክ ወንድ፣ በጤና ኬላ ደግሞ እንደገና ሴት የተመደበችው ተፈጥሮ ስላዘዘ ሳይሆን የየጊዜው ፍላጎትና ልማድ ስለወሰነው ነው። ልማድ የወሰነውን ደግሞ ሰዎች መክረው ሊያሻሽሉት ይችላሉ።

ቃሬዛ የሚሸከም ትከሻ

መኪና በማይገባበት ቀበሌ ሰው ሲታመም ወይም ምጥ ሲጠናባት ቃሬዛ አዘጋጅቶ፣ ተራ ገብቶ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው የመንደሩ ወንድ ነው። በሽተኛው እንዳይንገላታ እርምጃውን ያስተካክላል፤ ፀሐይ እንዳያገኘው በነጠላ ይጋርደዋል፤ ሲጠማው ያጠጣዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው በዚህ ጊዜ በተግባር ይታያል። የተሰበረ አጥንት የሚያቃናው ወጌሻም በብዙ አካባቢ ወንድ ነው። እነዚህ ሁሉ ሥራዎች ማስታመም ሆነው ሳለ ማንም የሴት ሥራ ናቸው ብሎ አያውቅም።

ታዲያ እነዚያው ወንዶች ጤና ጣቢያ ደርሰው ቃሬዛውን ካወረዱ በኋላ በሽተኛውን ለሚስቱ ወይም ለእናቱ ትተው ይመለሳሉ። ሰውነቱን ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ መመገብና ሌሊት አጠገቡ መቀመጥ የሷ ድርሻ ይሆናል። እርሻው ስለሚጠብቃቸው ነው ቢባል፣ ሴቷንም ልጆቿ፣ እንስራዋና ምጣዷ ይጠብቋታል። ወንድ አስታማሚ በሆስፒታል ሲታይ ብርቅ የሚሆነው፣ ወንድ ነርስም በቤተሰቡ ዘንድ የሚያሳፍረው ከዚሁ ከአንድ ሥር በሚበቅል አስተሳሰብ የተነሣ ነው።

የሠለጠነ ነርስ ሥራ ደግሞ ከዚህ የሰፋ ነው። ነርስ የበሽተኛውን ትኩሳት፣ የልብ ምት፣ አተነፋፈስና የደም ግፊት ይለካል፤ ለውጥ ሲያይ ይመዘግባል፣ ያስታውቃል። መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት ትክክለኛው በሽተኛ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ መጠኑ፣ አሰጣጡና ሰዓቱ መሆኑን ያረጋግጣል። መንቀሳቀስ የማይችለውን በሽተኛ ጀርባው እንዳይቆስል በየ2 ሰዓቱ ገደማ ያገላብጣል። ይህን የሚያደርግ ሰው ዕውቀት፣ ትዕግሥትና ብርታት ያስፈልገዋል። ከሦስቱ ውስጥ ለአንዱ ጾታ ብቻ የተሰጠ የለም።

የሌላው ዓለም ልምድ

ይህ ክርክር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ለረጅም ዘመን ጳጳሳቷን ስታስመጣ በኖረችበት በእስክንድርያ፣ በ5ኛው መቶ ዘመን በሽተኞችን የሚያስታምሙ የወንዶች ማኅበር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ416 የአባሎቹን ቁጥር በ500 የሚወስን ሕግ ወጥቶ ነበር። ዘመናዊው የነርስነት ትምህርት ግን እ.ኤ.አ. በ1860 ፍሎረንስ ናይቲንጌል ለንደን ላይ በከፈተችው ትምህርት ቤት ለሴቶች ብቻ ተብሎ ተጀመረ። በዚያ ዘመን ትምህርት ቤቱ ከቤት ውጭ ሥራ ለተከለከሉት ሴቶች ታላቅ በር ከፍቶላቸዋል፤ በዚያው መጠን ግን ለወንዶች በሩን ዘጋ።

በእንግሊዝ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1919 የነርሶች መዝገብ በሕግ ሲቋቋም ወንዶች የተመዘገቡት በተለየ ክፍል ነበር። ይህ ልዩነት የተሻረው ከ30 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። የአሜሪካ ጦር በነርሶች ክፍሉ ወንድ መኮንን መቀበል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1955 ሲሆን፣ በዚያው ሀገር በሚሲሲፒ ክፍለ ግዛት የሚገኝ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ አንድን ሰው ወንድ በመሆኑ ብቻ ከነርስነት ትምህርት መከልከሉ ሕገ ወጥ ነው ሲል የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፈረደው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ካሉት ነርሶች 90 በመቶ ያህሉ ሴቶች መሆናቸውን ገልጿል። አፍሪካ ግን ከሌላው ዓለም ትለያለች፤ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጽሑፍ በአፍሪካ አካባቢ ከነርሶቹ መካከል የወንዶቹ ድርሻ 35 በመቶ እንደሚደርስ አመልክቷል። በመሆኑም በዚህ በኩል አፍሪካ ከአውሮፓ የምትማረው ብዙ የለም፤ ያላትን በሚገባ መጠቀም ብቻ ይበቃታል።

መጠሪያው የሚያመጣው ጣጣ

ወንዱን ነርስ «ዶክተር» ማለት ለብዙ ሰው ክብር መስጠት ይመስለዋል። ነገር ግን መዘዙ ቀላል አይደለም። አንድ ገበሬ ሆዱን ለወራት ታሞ ጤና ጣቢያ ይሄዳል እንበል። ያየው ነርስ ቢሆንም እሱ «ዶክተር አይቶኛል» ብሎ ያምናል። ወደ ሆስፒታል እንዲሄድ የተጻፈለትን ወረቀትም «ዶክተር ካየኝ ወዲህ ሌላ ምን አስኬደኝ» በማለት ኪሱ ውስጥ ያስቀረዋል። ለሴቷ ነርስ ደግሞ የምትሰጠው ምክር ይናቃል፤ «ሲስተሯ እንጂ ዶክተሩ መች አየኝ» ተብሎ ያዘዘችው መድኃኒት በቅጡ ሳይወሰድ ይቀራል። በሆስፒታል የምትሠራ ሴት ሐኪምም ሳትቀር በብዙ በሽተኛ ዘንድ «ሲስተር» መባሏ የተለመደ ነው። እንግዲህ ሰው የሚጠራው በሠለጠነበት ሙያ ሳይሆን በጾታው ከሆነ፣ በሽተኛው ማን ምን እንደሚያውቅለት ሊለይ አይችልም።

ከዚህም ሌላ መጠሪያው ወደ ሹመት ይመራል። ወንድ የሆነው ነርስ ጥቂት ከሠራ በኋላ ለኃላፊነት ሲታጭ፣ ከሱ በፊት የገባችው ሴት በአልጋው ዳር ስትቀር ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሌላ ሪፖርት በዓለም ካሉት የጤና ሠራተኞች 70 በመቶ ያህሉ ሴቶች ሲሆኑ፣ ከፍተኛውን የኃላፊነት ቦታ የያዙት ግን 25 በመቶ ያህል ብቻ መሆናቸውን ጠቅሷል። ስለዚህ ወንዶች ወደ ነርስነት ይግቡ ሲባል፣ ገብተው ወንበሩን ይውረሱ ማለት መሆን የለበትም። ወደ ሙያው የሚገባ ወንድ የሚገባው የሌሊቱን ተረኝነት፣ የሚታጠበውን ቁስልና የሚለወጠውን አንሶላ እኩል ሊካፈል ነው።

የወላድ ጉዳይ

በዚህ ርእስ ከሁሉ የከበደው የወሊድ ጉዳይ ነው። ብዙ እናቶች በምጥ ጊዜ የምትረዳቸው ሴት ብትሆን ይመርጣሉ። ይህ የባህልና የክብር ጉዳይ በመሆኑ እንደ ኋላ ቀርነት ቆጥሮ ማቃለል ተገቢ አይሆንም። እናቲቱ ሴት ባለሙያ ስትጠይቅና ባለሙያዋ በተገኘች ጊዜ ፈቃዷ ሊፈጸምላት ይገባል። ጤና ጣቢያዎችም ተረኛ ሲመድቡ በተቻለ መጠን ይህን እንዲያስቡበት መጠየቅ የሕዝቡ መብት ነው።

ይሁን እንጂ ምርጫዋ የእናቲቱ ራሷ እንጂ የባሏ ወይም የጎረቤት መሆን የለበትም። በሌሊት የደረሰች ወላድ ተረኛው ወንድ ነው ተብሎ በመጣችበት ቃሬዛ ወደ ቤቷ ብትመለስ፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ደም መፍሰስ በሰዓታት ውስጥ ሊገድላት ይችላል። ምጡ ያለ እርዳታ ለቀናት ከቆየ ደግሞ ሕፃኑ ሊሞት ይችላል፤ እናቲቱም ብትተርፍ ሽንት መቆጣጠር የማትችልበት የፌስቱላ ጉዳት ሊደርስባት ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ዶክተር ካተሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 የመሠረቱት የፌስቱላ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት ሲቀበላቸው የኖሩት ከሩቅ ገጠር የመጡ እናቶች የዚህ መዘግየት ምስክሮች ናቸው።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ተረኛው ወንድ ሲሆን እናቲቱ የምታምናት ሴት፣ እናቷም ብትሆን እኅቷ፣ አጠገቧ እንድትቆም ይደረግ፤ ባለሙያው የሚያደርገውን አስቀድሞ ይንገራት፣ ፈቃዷን ይጠይቃት፣ ገላዋን በሚገባ ይሸፍንላት። የሠለጠነ ወንድ ነርስ ወይም አዋላጅ ይህን ተምሮታል። ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። ሽንት የተከለከለ ሽማግሌ ሴት ነርስ ቱቦ ልታስገባለት ስትል አፍሮ ችግሩን ደብቆ ይሠቃያል። በዚያ ጊዜ ወንድ ነርስ መኖሩ ለሽማግሌው እፎይታ ነው። ወንድም ሴትም ነርስ በአንድ ጤና ጣቢያ መገኘታቸው የሚጠቅመው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ከመሪዎች የሚጠበቀው

አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ በሥሩ 5 ያህል ጤና ኬላዎችን ይዞ 25,000 ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ከዚህ ሕዝብ ጋር በየዕለቱ የሚገናኙት ነርሶች በመሆናቸው፣ የማኅበር መሪዎች ለነዚህ ሠራተኞች ያላቸው አመለካከት የአገልግሎቱን ጥራት ይወስናል።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ የቀበሌው ልጅ ነርስነት ሲደርሰው መሪዎች ቤተሰቡን ሄደው «እንኳን ደስ ያላችሁ» ሊሉት ይገባል። ከእድርና ከማኅበር ስብሰባ ላይ የሚነገር አንድ የምስጋና ቃል፣ በጓደኞቹ ሲሾፍበት የከረመውን ወጣት ያበረታዋል። ሴት ልጅም መሐንዲስ ወይም ሐኪም መሆን ስትፈልግ «ነርስነት ይበቃሻል» እንዳትባል መከላከል የዚሁ ሥራ ሌላው ገጽታ ነው።

ሁለተኛ፣ መሪዎች ራሳቸው በሕዝብ ፊት ሲናገሩ ነርሱን ነርስ፣ ሐኪሙን ሐኪም፣ አዋላጁን አዋላጅ ብለው በመጥራት ምሳሌ ሊሆኑ ይችላሉ። ወንዱም ሴቷም በሙያቸው ቢጠሩ የማንም ክብር አይቀንስም።

ሦስተኛ፣ የነርሶች ኑሮ ይታሰብበት። ወንድ ነው የትም ያድራል ተብሎ ያለ መኖሪያ የተላከ ነርስ፣ ሴት ናትና ሌሊት አትወጣም ተብላ የተናቀች ነርስ፣ ሁለቱም ብዙ ሳይቆዩ ዝውውር ይጠይቃሉ። የሚቆለፍ በር ያለው ቤት፣ ውኃና በሌሊት ጥሪ ጊዜ አብሮ የሚሄድ ሰው ማዘጋጀት ከአንድ ቀበሌ አቅም በላይ አይደለም።

አራተኛ፣ በጤና ጣቢያው ቦርድ ወይም በሕዝብ መድረክ ላይ የሕዝብ ተወካይ ሆነው የሚቀመጡ መሪዎች፣ ለኃላፊነት የሚታጨው ማን እንደሆነና ለምን እንደታጨ ሊጠይቁ ይገባል። መለኪያው የሥራ ዘመን፣ ችሎታና ለበሽተኛ ያለው ርኅራኄ እንዲሆን መጠየቅ ተገቢ ነው።

በመጨረሻም፣ ከሁሉ የሚልቀው ትምህርት በየቤቱ የሚሰጠው ነው። ሚስቱ ወይም እናቱ ስትታመም ውኃ ያሞቀ፣ ገንፎ ያገነፋ፣ ሌሊት ተነሥቶ መድኃኒቷን በሰዓቱ የሰጠ አባወራ፣ ልጁ ነርስ ልሆን ነው ሲለው የሚያፍርበት ምክንያት አይኖረውም። ቃሬዛውን ጤና ጣቢያ አድርሶ ወዲያው የሚመለሰው ወንድ፣ ከእንግዲህ ሁለት ሌሊት ተራ ገብቶ ቢያስታምም፣ የደከመችው እናት ታርፋለች፤ በሽተኛውም እሪ ሲል በከንቱ አይሆንበትም።